ወጣት ማለት እስከ ሃያ ሰባት ነው

ሄርሜላ ሰርፀ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ያወቀችው በባቡር ፓስ ምክንያት ነው። ሌላው ሰው ዕድሜውን ከእናቱ ሰምቶ ያድጋል። እሷ ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አትላንታ ዳር ሊቶኒያ በሚገኘው የወላጆቿ ቤት ላፕቶፕ ከፍታ፣ "አዋቂ ወይስ ወጣት" የሚለው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ነው ነገሩ የፈነዳው።

ጉዞው የእሷ ሐሳብ ነበር። አባቷ ሰርፀ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ኤርፖርት ሲያደርስ ኖሮ እሱ ራሱ አንድ ቀን ለሽርሽር ተሳፍሮ አያውቅም። እናቷ ልዕልትም እዚያው አትላንታ ዳር ካለችው ከማሪዬታ ወዲያ ያለውን ዓለም የምታውቀው በስልክ ነው። እናም ሰኔ መጨረሻ ላይ ታናሿን ቢታንያን ጨምረው አራቱም ከሮም ይነሱና፣ ሚላኖንና ፓሪስን አይተው አምስተርዳም ይጨርሳሉ፤ ሁሉንም በባቡር።

ሄርሜላ ሦስት ሳምንት ስታጣራ ከረመች። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ካላየች አታምንም። ምን ታድርግ፣ "ዘገምተኛ ናት" ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። ከክፍሉ ሁሉ ትንሿ እሷ፣ የፊደል ሰዓት ሲደርስ የምታለቅሰው እሷ፣ ሁለተኛ ክፍልን የደገመችው እሷ። ዛሬ ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች፤ ቻምብሊ የራሷ አፓርታማ አላት። ያም ሆኖ ፎርም በሞላች ቁጥር ስሟን ሳይቀር ሦስት ጊዜ ታያለች።

"እንግዲህ ስሙኝ" አለች። "ለየከተማው ለየብቻ ትኬት ብንገዛ ርካሽ ነው፤ ግን ቀኑን መለወጥ አይቻልም። ፓስ ከያዝን በአንድ ወር ውስጥ የፈለግነውን ሰባት ቀን እንሳፈራለን። ፈጣኖቹ ላይ ብቻ ወንበር ሪዘርቭ እናደርጋለን።"

"እንደ አትላንታው ባቡር፣ እንደ ማርታ ካርድ ነካ አድርጎ መግባት ነው?" አለች ልዕልት።

"አይደለም ማሚ፣ ስልክሽ ላይ ነው የሚሆነው። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ከፓስፖርትሽ ጋር ታሳዪዋለሽ።"

"ፓስፖርት ደግሞ ለምን?" አለ ሰርፀ። ዜጋ ከሆነ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም ስለ ወረቀት ሲነሳ ፊቱ ይለዋወጣል።

"ስማችንና የልደት ቀናችን አንድ መሆኑን ሊያዩ ነዋ።"

ቢታንያ ከሶፋው ላይ ሳቀች። "ላይክ፣ ሦስታችሁም ጃንዋሪ ዋን። ሰውየው ምን ይል ይሆን?"

እሷ ምን አለባት። እዚሁ አሜሪካ፣ ዲኬተር ስለተወለደች፣ በዚያ ቤት ትክክለኛ የልደት ቀን ያላት እሷ ብቻ ናት። የቀሩትን ሦስቱን ካርቱም በስደተኛነት የመዘገባቸው ጸሐፊ ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጽፎ ገላግሏቸዋል። አትላንታ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ስለሞላ ማንም አይገረምም፤ በአንድ ኬክ ሦስት ሰው ይከበርና ያበቃል።

"ዳዲና ማሚ አዋቂ" አለች ሄርሜላ ምልክት እያደረገች። "ቢታንያ ወጣት። ወጣት ማለት እስከ ሃያ ሰባት ነው። እኔን ለጥቂት አመለጠኝ፤ አዋቂ ነኝ።"

"ምን አዋቂ ትያለሽ? ወጣት በይው እንጂ" አለች ልዕልት። "ለምን በከንቱ ትከፍያለሽ?"

"ሃያ ስምንት ሞላኝ እኮ።"

"የምን ሃያ ስምንት? ገና ሰኔ ላይ አይደለም እንዴ ሃያ ስድስት የምትደፍኚው?"

ሄርሜላ ሳቋ መጣ። "ደግሞ የኛንና የፈረንጁን ደባለቅሽው። ዘጠና ላይ ስምንት ስትደምሪ ዘጠና ስምንት። ፓስፖርቴም የሚለው ይህንኑ ነው።"

"ዘጠና ማን አለሽ? ዘጠና ሁለት ነው። ሰኔ ሚካኤል ማግስት። ያማጥኩበትን ቀን ፈረንጅ አይነግረኝም።" ልዕልት እልህ ይዟት ነበር፤ ምን እያለች እንደሆነ ልብ አላለችም።

"ልዕልት" አለ ሰርፀ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ተነሥቶ መጣና ላፕቶፑን በመዳፉ ከደነው። "በወረቀት ሃያ ስምንት ነሽ። አዋቂውን ግዢና ይብቃ።"

ሄርሜላ አባቷን አየችው። መዳፉን ከላፕቶፑ ላይ አላነሣም። እናቷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ቀርታለች። የዓመተ ምሕረት መደባለቅ ሰውን እንዲህ አያደርግም። ሄርሜላ እንደ ልማዷ በልቧ አንድ ጊዜ ቆጠረች፣ ደገመች፣ ሦስተኛም ቆጠረች፤ ሦስቱም ጊዜ ያው ሁለት ዓመት ጎደለ።

"የስደተኛ ፋይላችን የተከፈተው ዘጠና ላይ ነው፣ አንቺ ያኔ አራስ ልጅ ነበርሽ ብላችሁኛል" አለች። "እኔ በዘጠና ሁለት ከተወለድኩ ያስመዘገባችሁት ማንን ነው?"

ልዕልት ነጠላውን ከአፏ ሳታነሳ፣ "እህትሽን" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ካርቱም ተወለደች፤ ሄርሜላ አሏት። እሷን ይዘው የሦስት ሰው ፋይል ከፈቱ። ሲጠብቁ ሲጠብቁ ሁለተኛ ልጅ መጣች። እናስመዝግባት ቢሉ ፋይሉ እንደ አዲስ ይጀመራል ተባሉ፤ ቆይ እስቲ ሲሉ ከረሙ። ወደ አሜሪካ ሊበሩ ሁለት ወር ሲቀራቸው ትልቋን ወባ በሦስት ቀን ወሰዳት። ፋይሉ ላይ ሦስት ሰው ነበር፤ ቤት ውስጥም የቀረው ሦስት ሰው ነበር። ለቅሶውን እንኳ በር ዘግተው ነው ያለቀሱት። የሁለት ዓመቷን በአራት ዓመቷ ስም ይዘው ቀረቡ። ለጉዞው የመረመራት ሐኪምም "ልጅቱ ቀጭጫለች" ብሎ ጽፎ አሳለፋቸው።

"ዌይት" አለች ቢታንያ። "እህት ነበረችን?" ማንም ዞሮ አላያትም።

ሄርሜላ ስለዚያች ልጅ መጠየቅ እንዳለባት ታውቃለች፤ ሰው ናት፣ እህቷ ናት፣ ስሟንም ሄርሜላ ለብሳው ነው የኖረችው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ በኋላ ራሷ አፈረችበት።

"ኪንደርጋርተን ስታስገቡኝ ስንት ዓመቴ ነበር?"

ሰርፀ መሬት መሬት እያየ፣ "ሦስት" አለ።

ሦስት። አምስት ዓመት ከሞላቸው ልጆች ጋር መቀስ ያስያዟት፣ ስሟን እንድትጽፍ የጠየቋት፣ ከክፍል አስወጥተው ለብቻዋ ያስጠኗት ያቺ ልጅ ገና ከዳይፐር መውጣቷ ነበር። ዘገምተኛ አልነበረችም። ሕፃን ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንገቷን የደፋችበት ነገር መልሱ በሁለት ሰዎች ልብ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

"አስተማሪዋ ልጃችሁ አእምሮዋ ይዘገያል ብላ ስትጠራችሁ፣ ዝም ብላችሁ ሰማችሁ?"

"ምን እንበላት?" አለ ሰርፀ። "እውነቱን ብንናገር ይመልሱናል። አንቺን ነጥቀው ቢያስቀሩብንስ? ፈራን።"

"እሺ ፈራችሁ። ዜጋ ከሆንን በኋላስ?"

የመለሰችው ልዕልት ናት።

"ያኔማ ለምደነው ነበር።"

ከሁሉ ይልቅ ይህቺ አጭር መልስ ናት ሄርሜላን ያቃጠለቻት። ፍርሃት ቢሉ ይገባታል። ማታ ማታ ትራስ ነክሳ ያለቀሰችበትን ነገር "ለምደነው" ሲሏት ግን አልገባትም። ተነሣች።

"ስሜ ማን ነበር?"

ልዕልት ራሷን ነቀነቀች። "አልችልም።"

"የኔ ስም እኮ ነው።"

"ስሙ አንድ ጊዜ ካመለጠሽ ሁላችንም ቀረን ብሎ አባትሽ አስፈራርቶኝ ነው የተሳፈርኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ለብቻዬም አልጠራሁት። ቢያሻኝም አፌ እሺ አይለኝም።"

ሄርሜላ ቁልፏን አንሥታ ወጣች። ግን አልነዳችም፤ መኪናዋን ተደግፋ ድራይቭዌይ ላይ ቆመች። ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት በማሽን ሣር ያጭዳል። ፓሱ ትዝ አላት፤ ሰኔ ትዝ አላት። ፓስፖርቱ ላይ ያለችው አዋቂ ናት፤ የቆመችው ደግሞ ወጣት። የትኛዋ ናት ባቡሩ ላይ የምትቀመጠው? ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ይህንኑ ስታመላልስ ቆየች።

የቤቱ በር ሲከፈት ሰማች፤ ዞራ ማየት አልፈለገችም። የእናቷ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ቆመ።

"ራኬብ" የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ።

ሄርሜላ ቀና ብላ ጎረቤቱን አየች። ከመንገዱ ማዶ ሰው እየተጠራ መሰላት።

"ራኬብ።"

አሁንም አልዞረችም። እናቷ ደረጃው ላይ ቁጭ ስትል ሰማች። ቆየት ብሎ፣ እንደ ወትሮው፣ "ሄርሚ" አለቻት።

ያኔ ዞረች። በዚህኛው ስም መዞሯን ስታስተውል ነው ቀድሞ የተጠራችውም ራሷ እንደሆነች የገባት። ልዕልት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ነበር።

ልጅቱ መኪናውን ትታ መጥታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። እናቷን ይቅር አላለቻትም፤ ይቅር ልትላትም አልመጣችም።

"በቅድሙ ስም" አለቻት። "እስክለምደው ድረስ ጥሪኝ።"