ነጎድጓዱ የተናገረ ዕለት

ቧንቧ ሠራተኛው የእንቁራሪቱን ቴአትር በቃሉ የሸመደደው ወዶ አይደለም። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጁ የወጣቶች ቴአትር ቡድን ገብታ ሦስት ወር ሙሉ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ስትለማመድ፣ ጆሮውን አውልቆ ደጅ የሚያስቀምጥበት ዘዴ ስላልነበረው ነው። ፊቱን ሲታጠብ እንቁራሪት፣ ምሳውን ሲበላ እንቁራሪት፤ ኋላ ኋላማ ሰው ቤት ቧንቧ ሲፈታ ሳይቀር ዘፈኑ ከአፉ ያመልጠው ጀመር።

ነገሩ ለሕፃናት የተዘጋጀ ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። ኩሬው የደረቀበት እንቁራሪት ዝናብ ፍለጋ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ይዘፍናል፤ በመጨረሻ ዝናቡ፣ ዘፈኑ ሳይሰለቸው አይቀርም፣ ይዘንባል።

“ይሄን ሁሉ ከሚዘፍን ቧንቧ ሠራተኛ ቢጠራ ምን ነበረበት?” አለ አባት አንድ ቀን።

ልጁ መልስ መስጠቱን እንኳ ተጸየፈችው።

እሷ እንቁራሪቱን መሆን ነበር የፈለገችው። ዳይሬክተሩ ግን፣ በጠራራ ፀሐይ አንገቱ ላይ ሻርፕ የሚጠመጥም የሃያ አራት ዓመት ሊቅ፣ “ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ እንቁራሪትነት ግን ይጎድለዋል” ብሎ ደመና አደረጋት። የደመና ሥራ ጥጥ የተሰፋበት አንሶላ ለብሶ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ፣ ጥቂት አርፎ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ መመለስ ነው። እንቁራሪትነት ተርፎት የፈሰሰው ሰው ሆኖ የተገኘው ደግሞ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው ገና ሲያየው “ጢሞ” ብሎ ስም አወጣለት።

ዝግጅቱ ሊታይ አንድ ሳምንት ሲቀረው ባለሻርፑ ነጎድጓድ እንደሌለው ትዝ አለው። ልጅቷም ሳታስበው “አባቴ ትልቅ ቆርቆሮ አለው” አለች። በዚች አፏ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተጸጸተች እግዜር ይወቀው።

“ጋሼ፣ እኔ ከእርስዎ የምፈልገው ተራ ነጎድጓድ አይደለም” አለው ባለሻርፑ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። “ውስጣዊ ነጎድጓድ ነው።”

“ቆርቆሮው አንድ ነው፣ ወንድሜ። በየትኛው በኩል ልምታው?”

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ከሦስት መዋዕለ ሕፃናት በመጡ ልጆች ጢም ብሎ ሞላ። ግማሾቹ ሽንት ቤት፣ ግማሾቹ እናታቸውን ይፈልጋሉ። ቧንቧ ሠራተኛው ቆርቆሮውን በገመድ አንጠልጥሎ፣ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመ። ጽሑፍ ይዞ ለተዋናዮች የሚያስታውስ ሰው አጠገቡ ይኖራል ብሎ ነበር፤ ማንም የለም። ባለሻርፑ “አስታዋሽ የጥበብ ሞት ነው” ብሎ ከልክሏል አሉ። ራሱ ደግሞ አዳራሹ መጨረሻ ላይ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ጥበቡን በስልኩ ይቀርጻል።

የመጀመሪያው ትዕይንት አለፈ። ሁለተኛው ላይ ጢሞ መሀል መድረክ ወጣ፤ እጁን ዘረጋ፤ አፉን ከፈተ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። እንደ ጅብራ ተገተረ። ፊቱ የተቀባው አረንጓዴ ቀለም በላቡ እየሟሟ ጢሙ ላይ ይንጠባጠባል። ደመናዋ ከግራ ወደ ቀኝ አለፈች፤ ምንም የለም። ከቀኝ ወደ ግራ ተመለሰች፤ አሁንም የለም። አንድ ሕፃን “እንቁራሪቱ ሞተ?” ብሎ አስተማሪውን ጠየቀ።

የቧንቧ ሠራተኛው አንጀት አልቻለም። “ደመናው ሆይ፣ ወዴት ትሄዳለህ?” ብሎ በሹክሹክታ አስታወሰው።

ሹክሹክታ ያለው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከምድር ቤት አምስተኛ ፎቅ ድረስ “ውኃውን ዝጋው!” እያለ ሲጮህ የኖረ ጉሮሮ ሹክሹክታ አያውቅም። ድምፁ ቆርቆሮው ላይ ነጥሮ አዳራሹን አናወጠው።

ሕፃናቱ ወደ መጋረጃው ዞሩ። ከዚያ ከፊት ወንበር አንዲት ፍንጭት “ነጎድጓዱ አወራ!” ብላ ጮኸች።

ጢሞ ሌላው ሁሉ ቢጎድለው መዳን የሚፈልግ ልጅ ነው። ወደ መጋረጃው ዞሮ “ነጎድጓድ ሆይ፣ እስቲ ድገመው፣ አልሰማሁህም” አለ። ቧንቧ ሠራተኛው ደገመለት። የሚቀጥለውንም ነገረው፤ የሚቀጥለውንም። ደመናዋ በአንሶላዋ ውስጥ ቀልታ፣ ወደ መጋረጃው ተጠግታ ጥርሷን ነክሳ፣ “አባዬ፣ በናትህ ዝም በል!” አለች።

ዘር ከልጓም ይስባል፤ የእሷም ሹክሹክታ አዳራሹን ሞላው።

“አባቷ ነው!” አሉ ሕፃናቱ። የደመና አባት ነጎድጓድ መሆኑ ለአምስት ዓመት ልጅ ከዚያ ቴአትር ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ይልቅ ስሜት የሚሰጥ ነበር።

ዘፈኑ ጋ ሲደርሱ ጢሞ ጭራሽ እጁን ሰጥቶ “አሁን ነጎድጓዱ ይዘፍንልናል” ብሎ ቁጭ አለ። ቧንቧ ሠራተኛው ከመዝፈን መሞት ይመርጥ ነበር፤ ግን ሁለት መቶ ሕፃን “ነጎድጓድ! ነጎድጓድ!” እያለ ሲያጨበጭብ ምን ይበል? ጀመረ። የዛገ ቧንቧ ሲፈታ የሚሰማውን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ዘፈኑን ያውቀዋል። ሁለት ስንኝ ሳይጨርስ ከመድረኩ ላይ ሌላ ድምፅ ገባ። ልጁ ነበረች። ከእፍረት ብዛት ይሁን ከእልህ፣ አንሶላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ የአባቷን ድምፅ ከወደቀበት አንስታ ይዛው ወጣች። እንቁራሪትነት በጎደለው ድምፅ እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። ቧንቧ ሠራተኛው አፉን ይዞ ቆመ። ዝናቡን የሚያመጣውን ቆርቆሮ መምታትም ረሳ፤ ዝናቡ ያለ ነጎድጓድ ዘነበ።

መጋረጃው ሲዘጋ ባለሻርፑ እየሮጠ መጣ። “ጋሼ፣ ጥበቡን ገደሉብኝ!”

“እኔማ ሊሞት ሲል ነው የደረስኩት።”

ይህን እየተባባሉ ሳለ የአንዱ መዋዕለ ሕፃናት ርዕሰ መምህርት ገቡና፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎቹን ክፍሎች ሊያመጡ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። “የሚናገረው ነጎድጓድ ግን እንዳይቀር! እንዴት አሰባችሁት?”

ባለሻርፑ ዓይኑን በጨው አጠበ። “ብዙ ወር የፈጀ ምርምር ነው” አለ፣ ሻርፑን እያስተካከለ።

ልጅቷ እስከ ሰኞ አባቷን አላናገረችውም። ቤቱ ውስጥ ያ ሁሉ ዘፈን ጠፍቶ ጸጥ ሲል፣ ለካ ጸጥታም ጆሮ ያሳምማል። ነርስ የሆነችውና ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች ትርዒቱ ያመለጣት እናት አንዴ ባሏን አንዴ ልጇን አየችና፣ “ሁለት የተዘጋ ቧንቧ ይዤ ቀረሁ” አለች።

ሰኞ ማታ እራት ላይ አባት ጉሮሮውን ጠራረገ። “አትምጣ ካልሽኝ አልመጣም። ቆርቆሮውን ሌላ ሰው ይመታዋል።”

ልጅቷ ሳህኗ ላይ አቀርቅራ እንጀራዋን ቆረሰች። “ጓደኞቼ ሁሉ ሳቁብኝ” አለች።

“አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ።”

“ከዚያ ደግሞ ዘፈኑን እንዳስተምራቸው ጠየቁኝ።” ቀና አለች። “ና። ግን ዘፈኑን አስጀምረህ ዝም ትላለህ። ከሁለት ስንኝ በላይ የለም።”

በሁለተኛው ቅዳሜ ባለሻርፑ ጢሞን ጠርቶ በጥብቅ አዘዘው፦ ልክ ባለፈው የረሳህበት ቦታ ላይ ትረሳለህ። ጢሞ ሳምንቱን ሙሉ መርሳት ሲያጠና ሰነበተ። መድረክ ላይ ሲወጣ መርሳቱን ረሳውና፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ሳያጎድል ተናገረ። ከመጋረጃ ጀርባ ቧንቧ ሠራተኛው የሚገባበት ቀዳዳ አጥቶ መዶሻውን ይዞ ቀረ። ሕፃናቱ ማዛጋት ጀመሩ። ይሄኔ ደመናዋ በግማሽ መንገድ ቆመችና፣ ማንም ያልጻፈላትን ቃል ተናገረች፦

“አባዬ፣ ይሄ እንቁራሪት ሲያወራ ዝም ብለህ ታየዋለህ?”

ቆርቆሮው ተመታ። አዳራሹ ተንጫጫ። አባት ሁለት ስንኝ አስጀመረ፤ ልጅ ጨረሰችው።

ትርዒቱ አልቆ ቆርቆሮውን በሁለት ጫፍ ይዘው ወደ ቤት ሲሄዱ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ጥቂት መንገድ ታግሦ ጠየቀ።

“ድምፄ ዛሬ እንዴት ነበር?”

ልጁ በጥሞና አሰበችበት።

“ቆርቆሮው ጥሩ ነበር” አለችው።