ነገ ና

«እማ፣ ለሟቹ ለራሱ መርዶ የሚነግረው ማን ነው?»

ዙሀራ መቀሷን ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ እንደከተተች ቀረች። በዚያ ሳምንት መቀሌ ውስጥ መርዶ ያልገባበት ሰፈር አልነበረም፤ ከወሎ መጥተው ሓድነት ክፍለ ከተማ የከፈቷት ትንሿ የልብስ ስፌት ቤታቸውም ከጥቁር ቀሚስ ሌላ ሥራ አልነበራትም። አሁን የምትቆርጠው የጎረቤታቸውን የአደይ ለተኪሮስን ነበር። ልጃቸው ኣክሊሉ ጦርነቱ ላይ ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለእናቱ የተነገራቸው ግን ገና ቅዳሜ ዕለት ነው።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች ዙሀራ።

«ትናንት ይሄን በጠመኔ የተሰመረ ጨርቅ አየው። ‹የእናቴ ልክ ነው፤ ማን ሞቶባት ነው?› ብሎ ጠየቀኝ።»

ዙሀራ ልጇን አየቻት። ኑሃ ሃያ ዓመቷ ነው። በጦርነቱ ተዘግቶ የነበረው ሱቅ በክረምት ከተከፈተ ወዲህ ከስታለች፤ በቀትር ፀሐይ እንኳ እጇ ይበርዳል። ሐኪም መርምሮ ምንም አላገኘባትም። ከሰዓት ዙሀራ ፊደል ልትቆጥር ጎልማሶች ትምህርት ስትሄድ፣ ኑሃ ሱቁን ብቻዋን ትጠብቃለች። አንድ ቀን እናቷ ስትመለስ ከባዶ ወንበር ጋር ስትስቅ ሰምታታለች። ዓይነ ጥላ ተጠግቷት ነው ብላ፣ ሰው እንዳይሰማባት ዱዓ ስታደርግ ከረመች። የማን ጥላ እንደሆነ ግን ለመጠየቅ ፈርታ ነበር።

«ኣክሊሉ ነው?»

«ሱሪውን ሊወስድ ነው የሚመጣው።»

ግራጫው ሱሪ ዛሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሊዘምት በነበረበት ሰሞን እንዲያጥር ያመጣው ነው። አንዱ እግሩ ተሰፍቷል፤ ሌላው እንደታጠፈ ቀርቷል።

«ያኔ ‹ደረሰ ወይ?› ሲለኝ ‹ነገ ና› አልኩት። ሌላው ደንበኛ ‹ነገ ና› ስንለው ይሰድበናል፤ እሱ ብቻ አምኖኝ መጣ።» ኑሃ ፈገግ ልትል ሞከረች። «‹ኣንቱም፣ እናንተ ወሎዬዎች፣ ሱሪ ሰጥተናችሁ ጢም አበቀልን እኮ!› ይለኛል። ጥላ የለውም፣ እማ። የሞተ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። እሱ ግን አያውቅም። እኔም በየቀኑ ‹ነገ ና› እለዋለሁ።»

«ያረቢ! ከዚህስ ምን ይፈልጋል?»

«አሁን አሁን ‹በረደኝ፣ ንዒ፣ ነይ አብረን እንሂድ› ማለት ጀምሯል።»

«ወዴት?»

«እሱም አያውቀውም።»

«ልትሄጂ ነው?»

ኑሃ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሱሪ መለሰች። ዙሀራን ይሄ አስፈራት። መቀሱን ወርውራ ተነሳች።

«አሁኑኑ ሱቁን እንዘጋለን። አንቺን ደሴ አክስትሽ ጋ እወስድሻለሁ። ሼኹንም አስመጣለሁ፤ ቁርዓን ቀርተውበት ያባርሩታል!»

«አይባረርም! ውሻ ነው እንዴ? ና ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሂድ የምለውም እኔው ነኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መርዶ ግን ያለ ትልቅ ሰው አይነገርም። አብረሽኝ ተቀመጪ።»

«እኔ እኮ አላየውም፣ ልጄ።»

«እኔ አየዋለሁ። አንቺ አጠገቤ ሁኚ።»

ያን ዕለት ከሰዓት ዙሀራ ትምህርት ቀረች። ኑሃ ለባዶው ወንበር፣ «ነገ በማለዳ ና። አዎ፣ በማለዳ። ይደርስልሃል» ስትል በጆሮዋ ሰማች።

በማግስቱ መርዶ በሚነገርበት ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ የሱቁን በር ገርበብ አድርገው ተቀመጡ። ኑሃ የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብላ የሱሪውን ሁለተኛ እግር ሰፋች። ዙሀራ ደግሞ ወንበሩን ጠርጋ፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው ትራስ አደረገችበት።

ብርድ ገባ።

«ከመይ ሓዲርካ» ብላ ኑሃ የማለዳ ሰላምታ ሰጠችው።

ዙሀራ በትልቅ ሰው ወግ ልትጀምር አፏን ከፈተች። «ልጄ ኣክሊሉ…» አለች። በልጅነቱ ሲሮጥ፣ ሲወድቅ፣ ከደጃፋቸው የልብስ ቁልፍ ሲለቅም ታያት።

የቀረውን ኑሃ ተናገረችው። «ቀሚሱ የእናትህ ነው። ማን ሞቶባት ነው ላልከኝ፣ አንተ ነህ የሞትከው፣ ኣክሊሉ። ቅዳሜ አለቀሱልህ። እኔም ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ።»

ኑሃ አንገቷን ወደ ወንበሩ አዘንብላ አዳመጠች።

«ምን አለ?» አለች ዙሀራ።

«‹ብቻዬን እፈራለሁ፤ ንዒ› አለ።»

ኑሃ ከወንበሯ ተነሳች። ዙሀራ የልጇን ቀሚስ ጫፍ ጨመቀችው፤ ግን አልጎተተችም። ኑሃ ሱሪውን ከመኪናው ላይ አነሳች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ አራግፋ፣ አጥፋ፣ ትራሱ ላይ አስቀመጠችው።

«ደርሷል» አለች።

«ነገ ና» አላለችም።

የበሩ መጋረጃ ወደ ውጭ ተነፋና ተመልሶ ወደቀ። ዙሀራ የልጇን እጅ በሁለት መዳፎቿ ያዘችው። ገና ቀዝቃዛ ነበር። ረፋድ ላይ አደይ ለተኪሮስ ቀሚሳቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ኑሃ ሱሪውን ከትራሱ አንስታ በዚያው ወንበር አስቀመጠቻቸው፤ ሱሪውንም ጭናቸው ላይ አኖረችው።

ኣክሊሉ ሄደ። ኑሃ ቀረች።