አሚን የተባለበት ዝውውር

ወንድሜ ሙስዐብ ለቱርክ ክለብ ፈረመ ሲባል ከሚሴ ውስጥ ያልተደሰትኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። "ቀንታ ነው" አሉኝ። ይበሉ! እኔ ዓዲላ ነኝ፤ እሁድ እሁድ ሰንበቴ ገበያ ፍየል እነግዳለሁ። ጥርሱን ሳላይ የገዛሁት ፍየል የለም። ታዲያ የእናቴን ልጅ የሚመለከት ወሬ ሲመጣ ለምን ዓይኔን ጨፍኜ እቀበላለሁ?

ወሬውን የለቀቀው ሦስት መቶ ሺህ ተከታይ ያለው የፌስቡክ ገጽ ነው። "ሰበር ዜና! የከሚሴው የመስመር አጥቂ ወደ ቱርክ!" ይላል። ከሥሩ ሙስዐብ ቀይ ማሊያ ለብሶ ይስቃል። ያን ማሊያ በዕድሜው ለብሶት አያውቅም። ክለቡ በራሱ ገጽ አንዲት ቃል እንዳልጻፈ ከፍቼ አሳየሁት።

"ገና ነው፣ ዓዲዬ። አንድ ቦታ አይተውኝ ይሆናል። ይደውላሉ" አለኝና ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ አጠገቡ ቁጭ አለ። ሦስት ቀን እንዲሁ ተቀመጠ።

ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የዞኑ ቡድን ምርጫ ነበር። የተመረጠ ደሴ ወጥቶ በክልል ውድድር ይሰለፋል፤ ሙስዐብ ለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሮጧል። አሰልጣኙ ጀይሉ ወሬውን ሲሰማ ስሙን ሰረዘው። "ቱርክ የሚሄድ ሰው የሌላውን ዕድል ምን አስያዘው?" አለ። የሌለ ክለብ ያለውን ቡድን ሊያስመልጠው ነው፤ ከተማው ግን እልል ይላል።

ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ጎረቤቱ እኛ ቤት ለዱዓ ተሰበሰበ። ሼህ እንድሪስ ለጉዞው ሊመርቁ እጃቸውን ሲዘረጉ ብድግ አልኩ።

"ሼሁ፣ አውፍ ይበሉኝ። መጀመሪያ ወሬው ይመርመር።"

እናቴ ሀዲጃ ቀሚሴን ያዘች። "አታዋርጂን፣ አንቺ ልጅ!"

"እማ፣ ልቀቂኝ። ሰንበቴ የሚመጡት አፋሮች ዳጉ አላቸው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይጠያየቃሉ። እያንዳንዱ ያየውን ለብቻ፣ የሰማውን ለብቻ፣ ከማን እንደሰማም ጭምር ይናገራል። የዋሸውን ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የለም። እስቲ እናንተ፣ ሙስዐብ ሲፈርም ያየ ማነው?"

ሁሉም ወደ ሙስዐብ ዞረ፤ እሱ ስልኩን ያያል።

"የሰማችሁትስ ከማን ነው?"

አንዱ ከባጃጅ ሹፌር፣ ሌላው ከወንድሙ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ከዚያው ገጽ ነበር። ጎረቤታችን ፋሪዳ ብቻ እጅ አልሰጠችም። "እኔ ያየሁት ላይ አራት ሺህ ሰው አሚን ብሏል! ይሄ ሁሉ ሙስሊም በውሸት አሚን ይላል?" ብላ ስልኳን አቀበለችኝ።

አየሁት። ያው ፎቶ ነው፤ የወጣው ግን ከሰበር ዜናው ሁለት ቀን ቀድሞ ነው። ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብኩ። "ያ አላህ፣ ወንድማችንን ሙስዐብን ቱርክ አጫውተው። አሚን በሉ።" የለጠፈው ባለ ፎቶ ቤቱ ሙህዲን ነው፤ እሱም እዚሁ በራችን ሥር ተቀምጦ ጫቱን ይቀነጥሳል።

"ኩን ሶባ? ውሸት ነው?" አሉት ሼህ እንድሪስ።

"ኤዬ፣ ውሸት ነው" አለ ሙህዲን አንገቱን ደፍቶ። "ማሊያውን በኮምፒውተር ያለበስኩት እኔ ነኝ። ዱዓ ነበር ያደረግኩት። ገጹ ዱዓውን ቆርጦ ዜና አደረገው። ሰዉ ሲደሰት ጊዜ እውነቱን መናገር አፈርኩ።"

"አሚን የተባለበትን ነገር ውሸት ማለት ነውር ነው!" አለ ከጥግ አንድ ሽማግሌ።

ደሜ ፈላ። "ዱዓ ልመና ነው፣ አባ! የለመነ ሁሉ ያን ቀን ተሰጠው?"

"ልጅቱ ልክ ናት" አሉ ሼሁ። "የሚለምን ሰው ገና አላገኘም ማለት ነው።"

ሙስዐብ ፊቱ ተለዋውጦ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ በራሱ ገጽ ላይ "አልፈረምኩም፤ ወሬው ሐሰት ነው" ብሎ እየጻፈ ነበር። ሳይቆይ መልስ ጎረፈ። "አካውንቱ ተጠልፏል።" "ምቀኞች፣ ልጁን ተዉት!"

"ዓዲዬ፣ እኔን ራሴን አላመኑኝም እኮ!"

"ታዲያ ስልኩን ተወውና ነገ በእግርህ ንገራቸው።"

ቅዳሜ ጠዋት እሱን በአንድ እጄ፣ ሙህዲንን በሌላው ይዤ ሜዳ ገባሁ። ጀይሉ ወረቀቱን አሳየኝ። "ስሙ የለም፣ እህቴ።"

"ማን ያየውን ወሬ ሰምተህ ነው የሰረዝከው? ይኸው የወሬው ባለቤት፤ ጠይቀው!"

ሙህዲን በተጫዋቾቹ ፊት ተናዘዘ። ጀይሉ ፊቱ ቀላ፤ "ሃያ ደቂቃ" አለ። ሙስዐብ በሃያ ደቂቃ ሁለት ተከላካይ አድክሞ አንድ ጎል አገባ። ጀይሉ እስክሪብቶውን አውጥቶ ስሙን መልሶ ሲጽፍ እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩበትም።

አጠገቤ የቆመ ትልቅ ሰው ከስልኩ ላይ ቀና አላለም ነበር። "ማሻአላህ! ሙስዐብ ዛሬ ማለዳ ኢስታንቡል ገባ ይላል" አለኝ።

"ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱና ቀና ይበሉ! ያ ግራ መስመሩን ይዞ የሚሮጠው ማነው?"

ቀና ብሎ አየው። ተመልሶ ስልኩን አየ። "እሱን ይመስላል" አለኝ።

"ሙስዐብ!" ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ ተጣራሁ። ሜዳው መሀል እየሮጠ እጁን አነሳልኝ።