ሳላይ የማላምነው ኮርኒስ

የወገቤ ነገር ያላነጋገረው ሰው የለም፤ ከሁሉም የባሰ ግራ የገባኝ ግን እኔው ነኝ። ሰው ወገቡን ሲያመው ጎንበስ ማለት ይከብደዋል። እኔ ጎንበስ ስል ቀለል ይለኛል። የጫማዬን ክር ሳስር እንደ ልጅ ነኝ፤ ጉዴ የሚፈላው ቀና ስል ነው።

ሚስቴ «ኩላሊትህ ነው» ብላ ፈረደች። በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ጠጣሁ። ሕመሙ ንቅንቅ አላለም፤ እኔ ግን ከመሰላል እየወረድኩ ወደ ሽንት ቤት ስሮጥ ዋልኩ። እህቴ ደግሞ «ብርድ ነው» አለችና በሹራብ ጠቀለለችኝ። ሁለቱ የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እንዳታጎነብስ።»

ቀለም ቀቢ ነኝ። አብሮኝ የሚሠራው የሚስቴ ወንድም ነው፤ ስድስት ዓመት አብረን ቀብተናል። ምክራቸውን ሰማሁና ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። መጎንበስ የሚጠይቀውን የግድግዳ ግርጌ ለእሱ ሰጠሁት፤ ኮርኒሱን ለራሴ አደረግኩ። ኮርኒስ ድሮም የእኔ ነው። እሱ የቀባው ቢሆን እንኳ ቀና ብዬ ጥግ ጥጉን በዓይኔ ሳልለቅም ቤት አላስረክብም። ሳላይ የማምነው ኮርኒስ የለም።

ሕመሙ ግን እየባሰ ሄደ። ጠዋት ስነሳ እንደ ዛገ በር ነኝ፤ ስሟሟቅ ትንሽ ይለቀኛል። መሰላል ላይ ወጥቼ ሮለሩን ሳነሳ ደግሞ ወገቤን ነክሶ እስከ ዳሌዬ ይወርዳል። አማቼ አንድ ቀን ከታች አየኝና፣ «ጋሼ፣ ኮርኒሱን ለእኔ ተወው» አለኝ።

«ገና ሳልሞት ልትወርሰኝ ነው?» አልኩት።

ወደ ግርጌው ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን ለብቻው ይበላል። ባለፈው ሳምንት ሚስቴ «ወንድሜ ሌላ ሥራ አግኝቷል፤ ይህን ቤት ከጨረሳችሁ ሊለይህ ነው» አለችኝ። ይሂድ አልኩ። ግን እራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ውሃውን ጠጥቼ ስለጨረስኩ ወደ ሥሩ ሄድኩ። ሐኪም ቤት ሽንትም ደምም ሰጠሁ፣ ራጅም ተነሳሁ። ዶክተሯ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቀለችው።

«ኩላሊትዎ ምንም የለበትም። እነዚህን ያዩዋቸዋል? የአከርካሪ አጥንቶች ከኋላ በኩል የሚያያዙባቸው ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ናቸው። በመሃላቸው ያለው ልስልስ ነገር እያለቀ ነው።»

«ብርድ ገብቷቸው ነው?»

«ብርድ አይደለም፤ ዕድሜና ሥራ ነው። ወገብዎን ወደ ኋላ ሲለጥጡ እርስ በርስ ይጫጫናሉ፤ ጎንበስ ሲሉ ይላቀቃሉ። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ኮርኒስ እቀባለሁ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ?»

«እንዳላጎነብስ ብዬ ነዋ።»

ሳቋን ዋጥ አደረገችና መድኃኒት ጻፈችልኝ፤ ወገቤን የማፍታታበትንም አሳየችኝ። «እንደ አዲስ አይሆንም፤ ከተጠነቀቁለት ግን ያኖርዎታል። ኮርኒሱን ለሌላ ሰው ይስጡ» አለች።

መንገዱን ሁሉ እንደተምታታብኝ ሄድኩ። ያድነኛል ያልኩት ሲገድለኝ ከርሟል፤ ሊወርሰኝ ነው ያልኩት ደግሞ ለካ ሊያሳርፈኝ ኖሯል። ከወገቤ ይልቅ አፌ አሳፈረኝ።

የምንቀባው ቤት ስደርስ አማቼ ሳሎኑ ውስጥ ቀለም ያማስላል። ምንም ሳልል በርጩማ ስቤ ግድግዳው ግርጌ ተቀመጥኩና ብሩሽ አነሳሁ።

«ጋሼ፣ እዚያ ምን ጠፍቶህ ነው?»

«ልብ ነው የጠፋኝ» አልኩት። «አስቀይሜሃለሁ። ኮርኒሱ ያንተ ነው። ብትሄድም አልፈርድብህም፤ እኔ ግን ከእንግዲህ እዚያ ላይ አልደርስም።»

መሰላሉ ሲንሲያጠጥ ሰማሁ፤ ከዚያ የሮለሩ ድምፅ እስከ ምሳ ሰዓት ከአናቴ በላይ ተመላለሰ።

«አለቀ፣ ጋሼ። ቀና ብለህ እየው እንጂ።»

ብሩሼን ከግድግዳው ሳላነሳ፣ «አምሯል» አልኩት።

«ሳታየው?»

«ሳላየው።»

ከመሰላሉ ወረደ። ምሳ ዕቃውን ይዞ መጣና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ።