ቀይ ጅራት

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ገብረአብ የሞተውን አይጥ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ጅራቱ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ወለተሐና ስታየው ወዲያው አወቀችው፤ ያንን ጅራት የቀባችው እሷ ነበረች።

"የአብዮት በዓል ሊከበር ደርሶ፣ ይህ በአዳራሹ መድረክ ላይ ሲሮጥ ተገደለ" አለ ሊቀመንበሩ። "የአብዮታችንን ቀለም ለአይጥ። ከማን ማሳ እንደመጣም ደርሰንበታል።"

ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ አብዱልጀሊል ተቀምጧል። ከአልዩ አምባ ገበሬዎች የማሽላ ማሳውን ለወለተሐና ሙከራ የፈቀደላት እሱ ብቻ ነበር። ሌሎቹ "አይጥ ይዞ መልቀቅ ጤና ነው?" ብለው ስቀውባታል። እውነትም ላላወቀው ያስቃል። ወለተሐና የግብርና ሠራተኛ ናት፤ የማሳውን ግማሽ መርዝ ልታደርግበት፣ ግማሹን እንዲሁ ልትተወው አስባለች። ማነጻጸሪያ ከሌለ መርዙ መሥራቱ በምን ይታወቃል? ከሁሉ በፊት ግን የአይጡን ብዛት ማወቅ ነበረባት። አንድ በአንድ አይቆጠሩ ነገር! ስለዚህ አብዱልጀሊል በወጥመድ ይይዛል፣ እሷ ጅራታቸውን ቀብታ ትለቃለች። ደግመው ሲይዙ፣ ከተያዙት መካከል ቀለም ያለው ጥቂት ከሆነ ማሳው በአይጥ ተጥለቅልቋል ማለት ነው።

ጥፋቷ ቀለሙ ላይ ነበር። ቢሮው ውስጥ ለመፈክር መጻፊያ ከመጣው ቀይ በቀር ሌላ አልነበረምና እሱኑ ወሰደች። በዚያ ዘመን ቀይን እንደማንኛውም ቀለም የሚያይ ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን ስለ አይጥ ስታስብ ሰውን ረሳች።

"ማን ቀባው ስንለው አይናገርም" አለ ሊቀመንበሩ።

"አላህ ያውቃል" አለ አብዱልጀሊል፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

"ነገ አውራጃ ትላካለህ። እዚያ ያናግሩሃል።"

እዚያ እንዴት እንደሚያናግሩ ሁሉም ያውቃል። የወለተሐና ወንድም ዘርአ ዳዊት ደብረ ብርሃን ላይ "ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ" ተብሎ ወጥቶ በዚያው ቀርቷል። ፈራች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ምልክቱ ለሙከራ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ከጆንያ ባቄላ አንድ እፍኝ ዘግነው ቀለም ነክረው ቢመልሱት፣ ደህና አድርገው ካደባለቁት በኋላ እንደገና ሲዘግኑ..."

"ሙከራውን እናውቃለን። ፈቃዱ ላይ ቀይ ይላል?"

"አይልም።"

"እንግዲያው ቀይ ያደረገው እሱ ነው። አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፤ እንዲህ ያለ ነገር አታደርጊም። ነገ ትመሰክሪበታለሽ፤ አሁን መሄድ ትችያለሽ።"

አብዱልጀሊል ስሟን አልጠራም። ቀና ብሎም አላያትም። ቢያያት ይሻላት ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉት ነገር እዚሁ ዓይኗ ሥር እየሆነ ነው፤ እሷ ግን ወጣች። ፈሪ ለእናቱ ይገባል ይባላል፤ የእሷም እናት አንዲት ልጅ ብቻ ነው የቀረቻቸው።

ደጁ ላይ የአብዱልጀሊል ሚስት አሲያ ስንቅ ይዛ ቆማለች።

"ምን አሉ ልጄ? ይፈቱታል?"

ወለተሐና ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። ወደ አንኮበር የሚወጣው መንገድ ፊት ለፊቷ ነው፤ የሚከለክላት ሰው የለም። የቤቷን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ በአሲያ መዳፍ ላይ አኖረችው።

"ይህን ይያዙልኝ፣ እትዬ አሲያ። እስከ ማታ ካልወጣሁ ደብረ ብርሃን ላሉት እናቴ መልእክት ይላኩልኝ።"

"ምን ብዬ?"

"ቀለሙን የቀባችው እሷ ነበረች ይበሏቸው።"

ወደ ውስጥ ተመለሰች። ሊቀመንበሩ ምን ረሳሽ ብሎ ሳይጠይቃት ሄዳ ከአብዱልጀሊል ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።