የክብርኣብ ልጅ

እኔ ሐመልማል ትከሻዬን ካነቃነቅሁ መተማ ያውቀኛል። ሰርግ ቤት ከበሮ ከተመታ የሚቀድመኝ የለም። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበለኝ፣ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። ይህን አስቀድሜ የማወራው በዚሁ ትከሻ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ መሳቂያ ስለሆንኩ ነው።

ልጄ ብፅአት ትባላለች። አልወለድኳትም። ከትግራይ የሸሸው ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን፣ ሐምዳይት ሲሰፍር እኔ እዚያ ዳቦ እሸጥ ነበር። እናቷን ትኩሳት ያዛትና አጠገቤ አረፈች። ልጅቷ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ናት፣ የምታውቀውም የራሷንና የአባቷን ስም ብቻ ነው። ክብርኣብ ይባላል፤ እሱም መንገድ ላይ ሞቶ ቀርቷል። ዘመድ ባገኝላት ብዬ ከድንኳን ድንኳን ዞርኩ፣ የሚያውቃት ጠፋ። ወደምንኖርበት ገዳሪፍ ይዣት ስመጣ ባሌ አየነው በሩ ላይ ቆሞ አያትና "ትግባ" አለ።

ትምህርት ቤት ስናስገባት ግን በእሱ ስም እንድትጠራ ፈልጎ ነበር። "አባት አላት። የሞተ ሰው ስም ነጥቀን የት ልንደርስ ነው?" አልኩት። ቅር አለው፣ ነገር ግን ተወው። ቋንቋዋ እንዳይጠፋባት ደግሞ ከትግራይ የመጣችው ጎረቤታችን ሰሎሜ ሻይ ወደምትሸጥበት ቦታ ማታ ማታ እሰዳታለሁ። ሄዳ በትግርኛ ስትንጫጫ ከቤቴ ይሰማኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ያበላሸው ስንሻው ነው። እኔ ለሰሊጥ አራሚዎች ምግብ አበስላለሁ፣ እሱም ከተመጋቢዎቼ አንዱ ነው። አንድ ቀን ወጥ እየጠቀሰ የትግሬን ዘር በጅምላ ሰደበ። ትሪውን ከፊቱ አነሳሁና "ተነስ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ቤት ብላ" አልኩት። ሄደ፤ ቃሉ ግን ቀረ። ብፅአት ውኃ እያቀረበች ነበርና ሰምታዋለች።

ከዚያ በኋላ ትግርኛ ከአፏ ጠፋ። አንድ ጊዜ ሰሎሜ ዘንድ ተቀምጠን ከቱነይድባ መጠለያ የመጡ አንዲት እናት የብፅአትን ጉንጭ ዳሰሱና "ጓል መን ኢኺ?" አሏት። የማን ልጅ ነሽ ማለታቸው ነው። ልጄ አንገቷን ደፍታ በዓረብኛ "ማ ባዕሪፍ" አለች፣ አላውቅም። የአባቷን ስም አሳምራ የምታውቅ ልጅ!

ፍልሰታ ሲፈታ በመጠለያው የአሸንዳ በዓል እንደሚከበር ሰሎሜ ነገረችኝ፤ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ለምለም ሣር አስረው የሚጨፍሩበት በዓል ነው። እወስዳታለሁ አልኩ። አየነው አልወደደውም።

"ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማሽም?" አለኝ። "ወገኖቿን ካየች እዚያው ትቀራለች።"

"ይሳባት። እኔ ልጓም አላሰርኩባትም።"

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ እኔም ፈርቻለሁ። እዚያው ብትቀርስ እያልኩ ሣሩን ከሰሊጡ ማሳ ዳር አጨድኩ። አራሚዎቹ ነቅለው የሚጥሉትን ሣር እኔ እየመረጥኩ ስሸከም እብድ መስያቸው ነበር።

ክረምቱ መንገዱን አጨቅይቶት የተሳፈርንባት ቦክሲ መኪና ሁለቴ ተቀረቀረች፣ ወርደን ገፋን። ቱነይድባ ስንደርስ ከበሮው ደምቋል፣ ልጃገረዶቹ ክብ ሠርተው ይዞራሉ። ብፅአት ከኋላዬ ተደብቃ ቀሚሴን ጨመደደች። ሣሩን ብሰጣት አልቀበልም አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ወይ ፍንክች።

"እንግዲያ እኔ አስረዋለሁ" አልኳትና ወገቤ ላይ አስሬ መሃል ገባሁ።

ከበሮ ሰምቼ እግሬን ልስማ ወይስ ትከሻዬን? እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። እስክስታዬን አወረድኩት። እንደ ጎንደር ሰርግ አንገቴን ሰበቅሁ፣ ትከሻዬን አርገፈገፍሁ፣ ሣሩ ዙሪያዬን ተበተነ። ልጃገረዶቹ ዙረታቸውን አቁመው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከበሮ መቺዋም ሳቀችና ምቷ ጠፋባት። አንዲት ጎልማሳ ሴት የልጃገረድ ሣር ታጥቃ ብቻዋን ስትንቀጠቀጥ ማን አይስቅ? እኔም ባሰብኝና ጨመርኩበት።

ያኔ ትንሽ እጅ ክንዴን ያዘችኝ።

"እማየ፣ ኸላስ፣ በቃ" አለች ብፅአት፣ ፊቷ ቀልቶ። "ትከሻሽን ተይው። እዚህ በእግር ነው።"

"እኔ በምን አውቄ? አሳዪኝ።"

"ሣሩም ያንቺ አይደለም፤ የልጃገረድ ነው።" ከወገቤ ፈታችው፣ በራሷ ወገብ ላይ አሰረችው። ከዚያ እጄን ይዛ ክቡ ውስጥ አስገባችኝና እየተራመደች መራችኝ። ሰሎሜ መቼ እንዳስተማረቻት አላውቅም፣ እግሯ ግን አንዴም አልሳተ። የእኔ ሁለቴ ረግጧታል።

ጨዋታው ሲበርድ እነዚያው እናት መጡ። አስታወሷት መሰለኝ ፊቷን አተኩረው አይተው ያንኑ ጠየቁ፤ "ጓል መን ኢኺ?"



"ጓል ክብርኣብ እየ" አለች፣ ቀና ብላ። የክብርኣብ ልጅ ነኝ። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረው ይህችስ ማን ናት ሲሏት "ኣደይ እያ" አለቻቸው፣ እናቴ ናት። ቀጥላም በትግርኛ ብዙ ነገር አወራች። ከሳቃቸው ስለ ትከሻዬ መሆኑ ገባኝ። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም።

ሲመሻሽ ገዳሪፍ ገባን። አየነው በሩን ዘግቶ ውስጥ ተቀምጧል፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ እንዳልወጣ ጎረቤት በኋላ ነግሮኛል። እኔ ከቦክሲው ዕቃ ሳወርድ ብፅአት ሮጣ አንኳኳች።

"ማነው?" አለ ከውስጥ።

"የክብርኣብ ልጅ።"

መቀርቀሪያው ሲሳብ ተሰማኝ።

"ትግባ" አለ አየነው።