ወፍራምና ስስ ካርድ

ወረቀት ቆራጯ የስም ዝርዝሩን ስታይ ደሟ ፈላ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት አዲስ አዳራሽ ሊያስመርቅ ነው፤ የጥሪ ካርዱ የሚታተመው ደግሞ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቆረጠችበት ማተሚያ ቤት ነው። የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃ የሚወጣ ወይዘሮ፣ ተጋባዦቹን ለሁለት ከፍላ ልካለች፦ «ክቡራን እንግዶች» እና «ልዩ ልዩ»። ለክቡራኑ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ወፍራም ካርድ፣ ለልዩ ልዩዎቹ ከደብተር ሽፋን የሳሳ ወረቀት። ከታች በእጅ ጽሑፍ፦ «ስስ ካርድ የያዘ በኋላ በር ይገባል።» አስተናጋጆቹ ስም ሲያነቡ ሰልፍ እንዳይረዝም በአውራ ጣት ዳሰስ አድርገው እንዲለዩ ነው አሉ። ሰው እንደ ጨርቅ ተዳስሶ ሲለይ ይታያችሁ!

ከልዩ ልዩዎቹ መሀል፣ ከዘበኛውና ከጽዳት ሠራተኛዋ ስም ቀጥሎ፣ የታላቅ እህቷ ስም አለ። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ እዚያው ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ፊደል ያስቆጠረች። ሰብሳቢዋንም እጇን ይዛ መጻፍ ያስተማረቻት እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብላ አለቃዋ ፊት ዘረጋችው።

«የደንበኛ ትእዛዝ ነዋ።»

«ልዩ ልዩ ማለት ምን ማለት ነው? እህቴ ብሎን ናት? ሚስማር ናት?»

«ፕሮቶኮል ይሉታል። ሰው በየደረጃው...»

«ፕሮቶኮል አይበሉኝ! ንቀት ነው። ስሙ ንቀት ነው!»

አለቃዋ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። «ስሙን ካወቅሽው ደግ። አሁን ቁረጪውና ከሰዓት በፊት ይድረስ።»

ቆረጠችው። ምን ታድርግ፣ እንጀራዋ ነው። ምላጩ በወረደ ቁጥር በሆዷ ሰብሳቢዋን እየሰደበች ስሱንም ወፍራሙንም ቆረጠች። እህቷ ግን ከሐሳቧ አልወጣችም። በሳምንቱ ሦስት ጊዜ ደውላ «ካርዱ አልደረሰም?» ብላለች። ቀሚሷን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላለች። ክፍሉ በሚያፈስበት ዘመን አዳራሽ ይሠራልን እያለች ለየቢሮው ማመልከቻ ስትጽፍ የኖረችው እሷ አልነበረችም? ታዲያ ዛሬ በጓሮ ትግባ?

ማተሚያ ቤት ለብልሽት ተብሎ ሁልጊዜ ትርፍ ይታተማል። ከወፍራሞቹ ትርፍ አንዱን መዘዘች፤ ቢታወቅ ከሥራ እንደምትባረር እያወቀች ማሽኒስቱን ለምና የእህቷን ስም አሳተመችበት፦ «ክብርት መምህርት»። ስሱን ቀዳ ጣለችው። ማታ ካርዱን ስትሰጣት እህትየዋ ጠርዙን ደጋግማ ዳበሰች። «አልረሱኝም ማለት ነው» አለች።

የምረቃው ቀን ሁለቱ እህቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው የፊት ለፊቱን ደረጃ ወጡ። ነጭ ጓንት ያጠለቀ አስተናጋጅ ካርዱን ተቀበለ፤ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ፈገግ ሊል ጀመረ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደና ተረከዙ የተበላውን የመምህርቷን ጫማ አየ። ፈገግታው ጠፋ።

«እናቴ፣ ይሄን ከየት አገኙት?»

«ተልኮልኝ ነው፣ ልጄ።»

«ተሳስተው ነው የሚሆነው» ብሎ ካርዱን መለሰላት። «የእርስዎ በዚያ በኩል ነው።»

«ስሟ ተጽፏል እኮ! ማንበብ ያቅትሃል?» ብላ ቆራጯ ጮኸች። ሰው ዞሮ አየ። ሰብሳቢዋ በሽቶዋ ታጅባ ከተፍ አለች።

«ውይ፣ መምህርቴ! እንዴት ደስ ይላል!» ብላ መምህርቷን ግራና ቀኝ ሳመቻት። «እዚህኛው ግን ባለሥልጣን ምናምን ነው፣ ይደብርዎታል። ከራስዎ ሰዎች ጋር ቢሆኑ ይሻልዎታል፤ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«እጅሽን ይዛ መጻፍ ያስተማረችሽ እኮ ናት!» አለች ቆራጯ።

«እሱማ ይረሳል እንዴ!» አለች ሰብሳቢዋ፤ አፏ ከእነሱ ጋር፣ ዓይኗ ግን ከመኪና በሚወርድ ሰውዬ ላይ። ወዲያው ጥላቸው ሄደች። ስድብ ቢሆን መልስ ይሰጠው ነበር፤ ለስሞሽ ምን ይመለስለታል?

ቆራጯ ተከትላ ልታንቃት ምንም አልቀራት። እህቷ እጅጌዋን ጎተተችና በግንቡ ዙሪያ ወደ ኋላ በር ወሰደቻት።

እዚያ የተሰለፉት የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ሠራተኞች ናቸው። ሽማግሌው ዘበኛ እጅጌው የሚረዝምበት የልጁን ኮት ለብሶ፣ ስሱን ካርድ እንዳይጨማደድ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። «መምህርት፣ እኔንም ጠሩኝ እኮ!» አላት፣ ፊቱ በርቶ።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። ካርዱን ተቀብላ አየችው። ከዚያ የራሷን አየች። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ ወደ እህቷ ዞረች፤ ደብተር ስታርም የምታይበት ዓይኗ ነው።

«ይሄን ወፍራሙን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። እንዲያዋርዱሽ ስላልፈለግሁ ነው።»

«የእሱንስ?»

ዘበኛው አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን ያያል። ቆራጯ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«የእሱንም እኔ ነኝ» አለች።